ጥቁር አንበሳ ወይስ ቅዱስ ጳውሎስ? የሕክምና ትምህርት ቤት ምርጫ ለጠየቁ እናት

የተከበሩ እናት፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅዎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤትም (በሆስፒታሉ ስም ጥቁር አንበሳ በምንለው) ሆነ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተቀባይነት ማግኘቷን፣ አባቷ «ስም ያለው ጥቁር አንበሳ ነው» ማለታቸውን፣ ዋሽንግተን የሚኖሩት አጎቷ ደግሞ ወደፊት አሜሪካ ለመሄድ ብትፈልግ የትኛው ዲግሪ እንደሚሻላት መጨነቃቸውን ጽፈዋል። ቤታችሁ አስኮ መሆኑንና ልጅዎ ጎበዝ ብትሆንም ዓይን አፋር እንደሆነች፣ ያልገባትን ከመጠየቅ ይልቅ ብቻዋን እያነበበች መፍታት እንደምትመርጥም ነግረውናል። አጠቃላይ ሕክምናን የተማርኩት በጥቁር አንበሳ ነው፤ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲዬን የተማርኩት ደግሞ በጳውሎስ ነው። አሁን የምሠራው ከሁለቱም ውጪ ስለሆነ የምመልስልዎት ለአንዱ ወገን በማድላት አይደለም።

አባቷ ያነሱት የስም ጉዳይ ከባዶ የመጣ አይደለም። በአገራችን የሕክምና ዶክተሮችን ማሠልጠን የተጀመረው በዚያ ትምህርት ቤት ነው፤ ይህም በ1957 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው። እነ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ እና ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ያስተማሩት እዚያ ነው፤ በሌሎች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከሚያስተምሩት መካከልም ብዙዎቹ የዚያ ፍሬዎች ናቸው። እኔም በ2002 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳን የመረጥኩት ይህን ስም ብቻ ሰምቼ ነበር። ያን ጊዜ የጳውሎስ ትምህርት ቤት ተማሪ መቀበል ከጀመረ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ስለነበር ተመራቂ ገና አላወጣም፤ የሚያወዳድርልኝ ሰውም አልነበረም። ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። በ1961 ዓ.ም. በዋነኛነት ድሆችን እንዲያክም የተቋቋመው የጳውሎስ ሆስፒታል በሚሌኒየሙ ዓመት፣ በ2000 ዓ.ም.፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በዚያ ነው። የቃጠሎና የድንገተኛ አደጋ ሕክምና የሚሰጠው አቤት ሆስፒታልም በሥሩ ይገኛል። ስለዚህ «ስም ያለው» እና «ስም የሌለው» ብሎ መክፈሉ ከሃያ ዓመት በፊት ለነበረው ሁኔታ የሚሠራ እንጂ ለዛሬዋ ልጅዎ የሚሆን መለኪያ አይመስለኝም።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመዝነው ልጅዎ ታካሚ አልጋ አጠገብ ስትቆም ከጎኗ ማን እንደሚኖር ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ተማሪዎች ፒሲ አንድ እና ፒሲ ሁለት (ከክሊኒክ በፊት ያሉ ዓመታት) የሚሏቸው፣ በየትኛውም ትምህርት ቤት በመጽሐፍ፣ በቤተ ሙከራና በሌሊት ጥናት የሚያልፉ ናቸው፤ እንደ ልጅዎ ያለ ጎበዝ አንባቢ የትም ቢገባ ይወጣቸዋል። ተማሪ ሐኪም የሚሆነው ከዚያ በኋላ፣ ከሲ አንድ (ከመጀመሪያው የክሊኒክ ዓመት) ጀምሮ፣ በየዋርዱ (ታካሚዎች በሚተኙባቸው ክፍሎች) ነው። ሲ አንድ እያለሁ አንድ ጠዋት ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ ከቆላ አገር የመጣ፣ ጣፊያው ያበጠ ወጣት ታካሚ ነበረን። ሲኒየሩን (ስፔሻሊስቱን)፣ ስፔሻሊቲ የሚማሩትን ሬዚደንቶች፣ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያሉትን ኢንተርኖችና ተማሪዎቹን ጨምሮ አልጋውን የከበብነው ሃያ ያህል ሰዎች ነበርን፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ስለነበር የምሰማው ድምፅ እንጂ የማየው ነገር አልነበረም። ተራዬ ደርሶ ሆዱን ስዳስስ ምንም አላገኘሁም፤ አፍሬ ግን «አገኘሁት» አልኩ። ራውንዱ ካለቀ በኋላ አንዲት ሬዚደንት ነጥላ ጠራችኝና ወደ ታካሚው መለሰችኝ፤ ፈቃዱን ጠየቀች፣ እጄን በእጇ ይዛ ከታች ከእምብርቱ አጠገብ አስጀመረችኝና እንዲተነፍስ ነገረችው። የጣፊያው ጠርዝ ወርዶ ጣቴን ሲነካ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ያላገኘኸውን አላገኘሁም በል፤ ያን ጊዜ ነው የምናሳይህ» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ያላገኘሁትን አግኝቻለሁ ብዬ አላውቅም፤ ያ አምስት ደቂቃ ያስተማረኝ ብዙ ወር ካነበብኩት ይበልጣል።

ይህን ያነሳሁት ዓይን አፋር ተማሪ በብዙ ሰው መካከል በቀላሉ ስለምትደበቅ ነው። ከኋላ ቆማ፣ የጻፈችውን የሕመም ታሪክ ማንም ሳያርምላት፣ በፈተና ግን ጥሩ ውጤት እያመጣች ዓመታት ልታልፍ ትችላለች፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ኢንተርን ሆና በሌሊት ዱቲ (ተረኝነት) ብቻዋን ስትቀር ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ቦታ የሲ ሁለት ተማሪዎችንና ኢንተርኖችን አግኝታ በአንድ ታካሚ አልጋ ዙሪያ ስንት ተማሪ እንደሚመደብ፣ የጻፉትን የሕመም ታሪክ አንብቦ የሚመልስላቸው ማን እንደሆነ፣ ኢንተርን ከመሆናቸው በፊት በገዛ እጃቸው ምን ያህል ወሊድ እንዳዋለዱና ምን ያህል ቁስል እንደሰፉ ትጠይቅ። እነዚህ ቁጥሮች ከዓመት ዓመት፣ ከዲፓርትመንት ዲፓርትመንት ስለሚለዋወጡ በእኔ ጊዜ የነበረውን ብነግርዎት አሳስትዎታለሁ።

የታካሚውን ዓይነት በተመለከተ ሁለቱም ሆስፒታሎች ከመላ አገሪቱ ሪፈር (ለከፍተኛ ሕክምና የተላኩ ታካሚዎችን) የሚቀበሉ በመሆናቸው ልጅዎ የታካሚ እጥረት አያጋጥማትም። ልዩነት ካለ ጥቁር አንበሳ የሪፈር የመጨረሻው ማረፊያ መሆኑ ነው። ለሁለት አስርት ዓመታት ያህል በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና የሚሰጠው እዚያ ነበር፤ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከልም በግቢው ውስጥ ነው። በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቅ የመሰለውን በሽታ እዚያ በዓይን ማየት ይቻላል። በሌላ በኩል ብርቅ የሆነ በሽታ በሚበዛበት ዋርድ ውስጥ ወጣት ተማሪ የሳንባ ምችን፣ የደም ማነስን፣ ተራውን የስኳር ሕመም በሚገባ ሳይለምድ እንዳያልፍ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እኛን በዚህ ረገድ የረዳን በአታችመንት (ለልምምድ በጊዜያዊነት ተመድበን) ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች መውጣታችን ነው፤ ለወሊድ ጋንዲ፣ ለዓይን ምኒልክ፣ ለአእምሮ ሕክምና አማኑኤል፣ ለቆዳ አለርት ሄደናል። መመላለሱ አድካሚ ነበር፤ ሆኖም ከተማዋ በምን እንደምትታመም ያወቅሁት በዚያ ነው።

የማስተማር ዘዴውም ልጅዎን በቀጥታ የሚመለከት ነው። ጳውሎስ ከመነሻው የተከተለው አናቶሚውን፣ ፊዚዮሎጂውንና በሽታውን በአንድ የሰውነት ክፍል ዙሪያ አዋህዶ የሚያስተምር የሞጁል ሥርዓት ነው፤ ተማሪዎች በትንንሽ ቡድን ተቀምጠው አንድን የታካሚ ታሪክ እየተወያዩ ይፈታሉ። ሬዚደንት ሆኜ ያስተማርኳቸው የጳውሎስ ተማሪዎች «ለምን?» ብለው ለመጠየቅ የማይፈሩ ነበሩ። እኔ ግን በእነሱ ዕድሜ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ፣ መምህሩ የተናገረውን ጽፌ፣ ሌሊቱን በቃሌ የምይዝ ተማሪ ነበርኩ። የእኔ መንገድ ስምና ቅርፅን በማስታወስ ጠቅሞኛል፤ መናገርን ግን ዘግይቼ ነው የተማርኩት። የቡድን ውይይት ለዝምተኛ ልጅ በመጀመሪያ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስድስት ሰባት ሰው ፊት መናገርን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ብትለምደው ታካሚ ፊት አትቸገርም።

ቤታችሁ አስኮ በመሆኑ ጳውሎስ በጣም ይቀርባታል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር እንዳያዩት እለምንዎታለሁ። ኢንተርን ስትሆን ከሠላሳ ሰዓት ያላነሰ ጊዜ ሳትተኛ ቆይታ የምትወጣባቸው ቀኖች ይኖራሉ፤ በእንደዚያ ያለ ቀን የእናት ቤት በአንድ ታክሲ መድረሱ ከመድኃኒት አይተናነስም። ጥቁር አንበሳ ብትገባ ግን ለመመላለስ ከመሞከር ይልቅ ዶርም ብትይዝ ይሻላታል፤ ከጓደኞቿ ጋር የምታጠናው የማታ ጥናት ከቤት አይገኝም። ስለ ክፍያና ስለ ወጪ መጋራት ግን ከሁለቱም ሬጅስትራር በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ በተለይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በድሮ ተማሪዎች ወሬ ላይ መመሥረት አይገባም።

ለአጎቷ የምለው አጭር ነው። ሁለቱም ትምህርት ቤቶች በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ ተመዝግበዋል፤ አሜሪካ ውስጥ ሬዚደንሲ ለማግኘት የሚመዘነው በዋናነት የአገሪቱ የፈቃድ ፈተና፣ እዚያ ያገኘችው የክሊኒክ ልምድና የድጋፍ ደብዳቤዋ ነው። እዚህ አገር ብትቆይም የሙያ ፈቃድ ምዘናውን እንደ ማንኛውም ምሩቅ ትወስዳለች፤ የስፔሻሊቲ ቦታም የሚገኘው በአገር አቀፍ ፈተናና ምደባ ነው። በእኔ ባች በጳውሎስ ሬዚደንሲ የጀመርነው ከልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣን ነበርን፤ ከሁለት ወር በኋላ ማን ከየት እንደመጣ ማስታወሱን ትተን ነበር።

ስለ ልጅዎ በጻፉት መሠረት የእኔ ሚዛን ወደ ጳውሎስ ያደላል። ምክንያቴ የትንሽ ቡድን ውይይቱና የቤቱ ቅርበት ነው። ልጅዎ ገና ከአሁኑ ልቧ በካንሰር ሕክምና ወይም በሕፃናት ልብ ላይ ከሆነ ግን፣ ወይም አዳራሽ ውስጥ ማዳመጥና ብቻዋን ማንበብ በእውነት የሚስማማት ከሆነ፣ ሳላመነታ ጥቁር አንበሳ እላታለሁ። ምርጫው ደግሞ የእሷ ይሁን፤ ሌሊት ላይ ደክሟት ስታለቅስ «አባቴ ነው ያስገባኝ» ከማለት «እኔ ነኝ የመረጥኩት» ማለት እንድትቀጥል ይረዳታል።

ከምዝገባው በፊት አንድ የሥራ ቀን ለጥቁር አንበሳ፣ አንድ ቀን ለጳውሎስ ይስጧት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ግቢ ውስጥ ትገኝ፣ የምሳ ሰዓት ላይ ከካፌው ነጭ ጋዋን የለበሱትን ተማሪዎች አናግራ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ትጠይቅ፤ የመለሱላትንም በወረቀት ትያዝ። ከዚያ በኋላ የምትጠይቀኝ ካላት በውስጥ መስመር ትጻፍልኝ፤ ዱቲ ከሌለኝ በዚያው ቀን እመልስላታለሁ።