ቀብድ ልከው አልጋ ሲያጡ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደሴ ነው። የቡድናችንን ጨዋታ ለማየት አራት ሆነን አዲስ አበባ ለመሄድ ስንነሳ ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ፔንሲዮን ለቅዳሜና ለእሁድ ሁለት ክፍል ያዝን። ዋጋው ለአንድ ክፍል በቀን 1,000 ብር ተባለ። ሪሴፕሽን ላይ ለምትሠራው ልጅ በቴሌብር 2,000 ብር ላክሁላት። ቅዳሜ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ስንደርስ ክፍሎቹ ለሌላ ሰው ተሰጥተዋል። «አንድ አልጋ አለ፣ 1,800 ነው» አሉን። ተጨቃጭቀን ወጣንና ሜክሲኮ አካባቢ እያንዳንዳቸው 1,700 ብር የሆኑ ሁለት ክፍሎች አግኝተን ሁለቱን ቀን አደርን። የፔንሲዮኑ ባለቤት «ብሩ የገባው የልጅቷ የግል ስልክ ላይ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ይላል። ልጅቷ ስልክ አታነሳም። ሌላ ጓደኛችን ደግሞ ከዚያ በፊት ለነበረ ጨዋታ ሌላ ቦታ ቀብድ ከፍሎ ነበር። ጨዋታው ሲራዘም ሰርዞ ቀብዱን ቢጠይቅ «አይመለስም» አሉት። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ የተላላካችሁትን መልእክት ስክሪንሾት እንዲልኩልኝ ጠይቄዎት ነበር። ላኩልኝ። ልጅቷ በቴሌግራም የጻፈችልዎ ይሄን ነው፦ «ቀብድ 2000 ገብቷል። 2 አልጋ ቅዳሜ እሁድ ተይዟል።» አጭር ናት። ለእኔ ግን ይህች መስመር ከአምስት ገጽ ውል አታንስም። የክፍሉ ብዛት አለ፣ ቀኑ አለ፣ ገንዘቡ አለ። ከሁሉም በላይ «ቀብድ» የምትለው ቃል አለች።

ቀብድ በአገራችን የኖረ ነገር ነው። በሬ ሲሸጥም፣ ቤት ሲከራይም፣ የሠርግ ድንኳን ሲያዝም ቀብድ አለ። ብዙ ሰው ግን ቀብድን የሚያውቀው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ገዢው ከቀረ ቀብዱ ይበላል። እሱ እውነት ነው። ሌላኛው ግማሽ ግን ይረሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ሁለቱንም ይዟል። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ሰው ውሉን ሲተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ቁጥር 1883 ደግሞ ቀብድ መቀበል በራሱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ስለዚህ «ውል የለንም፣ የፈረምነው ወረቀት የታለ?» የሚል ክርክር ብዙ አያስኬድም። ክፍል ለመያዝ በሕግ የተለየ ፎርም አያስፈልግም። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረትም አንድ መልእክት በስልክ ስለተላከ ብቻ ዋጋ አያጣም።

በእርስዎ ጉዳይ ውሉን የተወው ማነው? ፔንሲዮኑ ነው። እናንተ ደርሳችኋል። ስለዚህ የ2,000 ብር እጥፍ፣ 4,000 ብር መጠየቅ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሌላም መንገድ አለና። ፔንሲዮኑ ውሉን አልፈጸመም ብለው መደበኛ የጉዳት ካሳ መጠየቅም ይችላሉ። ቃላቸውን ቢጠብቁ ለሁለት ክፍል ለሁለት ቀን 4,000 ብር ያወጡ ነበር። ሜክሲኮ ያወጡት 6,800 ነው። ልዩነቱ 2,800። በዚያ ላይ የከፈሉት 2,000 ሲጨመር 4,800 ይሆናል። ከእጥፉ በ800 ብር ይበልጣል። ግን ለዚህ 800 ብር ሲሉ የሜክሲኮውን ደረሰኝ ማቅረብ፣ በዚያ ምሽት ከዚያ የረከሰ አልጋ እንዳልነበረ ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። ሕጉ ተጎጂውም ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ይፈልጋል። ባለቤቱ «እነዚህ ሰዎች ቀጥታ ውዱ ቤት ገቡ» ሊል ይችላል። እጥፉ ግን ምን ያህል እንደተጎዱ እንዲያስረዱ አይጠይቅዎትም። ሁለቱን ደርበው አይጠይቁ። እኔ ብሆን 4,000ውን ይዤ እሄዳለሁ።

አሁን ወደ ባለቤቱ መከላከያ እንምጣ። «የልጅቷ የግል ስልክ ነው።» ይሄ በየቦታው የሚሰማ ነገር ነው። ብዙ ትንንሽ ቤቶች የድርጅት አካውንት እያላቸው እንኳ ቀብድ በሠራተኛ ስልክ ይቀበላሉ። ምክንያቱን ለእናንተ እተወዋለሁ። ነገር ሲበላሽ ስልኩ «የግል» ይሆናል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ሲም ካርዱ በማን ስም ነው ብሎ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ በቃሉ፣ በሥራው ወይም ዝም በማለቱ፣ ልጅቷ በቤቱ ስም ገንዘብ መቀበል ትችላለች ብለው እንዲያምኑ አድርጎዎታል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው። ሪሴፕሽን ላይ አስቀምጧታል። አልጋ የምትሰጠውም ሒሳብ የምትቀበለውም እሷ ናት። ስልኩን ከየት እንዳገኙት ስጠይቅዎ ደግሞ የመለሱልኝ መልስ ጉዳዩን ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። በፊት አንዴ እዚያ ሲያድሩ በሩ ላይ የተለጠፈውን ባነር ፎቶ አንስተው ነበር። ከቤቱ ስም ሥር ሁለት ቁጥር አለ። ሁለተኛው ብሩ የተላከበት ነው። ባለቤቱ በገዛ በሩ ላይ የለጠፈውን ቁጥር «አላውቀውም» ቢል ማን ያምነዋል? ያቺን ፎቶ እንዳያጠፏት።

ምናልባት «አርፍዳችሁ መጣችሁ» ይሉ ይሆናል። ከዚህ ሰዓት በፊት ካልመጣችሁ ለሌላ እንሰጣለን ብለው ከነበረ ነገሩ ይከብዳል። በመልእክቱ ውስጥ ግን ስለ ሰዓት አንድም ቃል አላየሁም። በእኔ እይታ ቀብድ የተከፈለበት አልጋ ሰዓት ካልተቆረጠለት በቀር እንግዳው ምሽት 12 ሰዓት ስለመጣ ብቻ ለሌላ አይሰጥም። ከደሴ የሚመጣ ሰው መንገድ ላይ እንደሚውል ማንም ያውቃል።

«1,800» ስላሏችሁ ዋጋም ጠይቀውኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በጨዋታ ቀን ዋጋ መጨመር በራሱ ወንጀል አይደለም። ነጋዴው ገና ላልያዘ እንግዳ የፈለገውን ዋጋ ሊጠራ ይችላል። የማይችለው ዋጋ ከተስማማ በኋላ መለወጥ ነው። ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነውና። በተጨማሪ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውንም የአገልግሎቱንም ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያስገድዳል። ሪሴፕሽኑ ላይ 1,000 ተለጥፎ 1,800 ከጠሩባችሁ፣ ወይም ጭራሽ ምንም ካልተለጠፈ፣ እሱ ራሱን የቻለ አቤቱታ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ዋጋ በስልክ ሲጠይቁ «ከቫት ጋር ነው?» ብለው ይጠይቁ። 15 በመቶው ሒሳብ ሲሠራ ብቅ እያለ ስንቱን አጣልቷል።

ጓደኛዎን በተመለከተ ዜናው ጥሩ አይደለም። ጨዋታው ተራዘመ እንጂ ፔንሲዮኑ አልተዘጋም። ክፍሉ ተዘጋጅቶ ጠብቆታል። «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚባለው መከላከያ ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ የማይቻል ሲሆን ነው የሚሠራው። የጨዋታ ፕሮግራም መቀየር ደግሞ በአገራችን ያልተጠበቀ ነገር ነው ለማለት ይከብዳል፤ ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። እሱ የላከው ቀብድ ከሆነ ቀብዱን ያጣል። እናንተን የሚጠቅመው ያው ቁጥር 1885 እሱን ይጎዳዋል ማለት ነው።

ግን የላከው በእርግጥ ቀብድ ነው ወይ? ይህን ነው መጀመሪያ የማየው። ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ አንድ አይደሉም። ቅድሚያ ክፍያ ከዋጋው ላይ ቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ውሉ ሲቀር በመርህ ደረጃ ይመለሳል፤ ሌላው ወገን የደረሰበት ጉዳት ካለ ያን አስረድቶ ይጠይቃል። ቀብድ ግን የማሰሪያ ገንዘብ ነው፤ የተወው ሰው ያጣዋል። መልእክቱ ላይ «ቀብድ» ከተባለ ቀብድ ነው። «የአንድ ቀን ሒሳብ ልኬያለሁ» ወይም «ግማሹን ከፍያለሁ» ከተባለ ቅድሚያ ክፍያ ነው ብሎ ለመከራከር በር አለው። መልእክቱን ይፈልግና ይላክልኝ። ለወደፊቱ ግን ገንዘቡን ሲልክ አብሮ «ጨዋታው ከተራዘመ ይመለሳል ወይም ወደ አዲሱ ቀን ይዛወራል» ብሎ ይጻፍና «እሺ» እስኪሉት ይጠብቅ። ሕጉ ራሱ «ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር» ነው የሚለው። ገንዘቡን ባይመልሱለት እንኳ ቀን ቀይሩልኝ ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ቤቶች እምቢ አይሉም።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ምን ያድርጉ? ለ4,000 ብር ቀጥታ ክስ አልመክርዎም። ክሱ የሚቀርበው አዲስ አበባ ነው። ከደሴ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ሲመላለሱ ያተረፉት ያልቃል። አዲስ አበባ የሚኖር ወንድም ካለዎት በውክልና ሊከራከርልዎ ይችላል፤ ጓደኛ ግን አይችልም። ከዚያ በፊት ይህን መልእክት ለባለቤቱ ይላኩ፣ በቴሌግራምም በኤስኤምኤስም፦

«2,000 ብር ቀብድ ተቀብላችሁ ለቅዳሜና እሁድ ሁለት ክፍል ይዛችሁልኝ ነበር። ክፍሎቹን ለሌላ ሰጥታችኋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት እጥፉን 4,000 ብር በአሥር ቀን ውስጥ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ካልሆነ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አቀርባለሁ፣ ክስም እመሠርታለሁ።»

ስድብ አይጨምሩበት። ቀኑን፣ የክፍሎቹን ብዛትና የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር ግን ይጨምሩ። ከልምዴ እንዳየሁት፣ የንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍርድ ቤት ይልቅ የሚፈራው የወረዳውን ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። አቤቱታው በነፃ ነው። እውነቱን ለመናገር እጥፉን ባያገኙ እንኳ ብዙውን ጊዜ 2,000ውና ትንሽ ጭማሪ ይዞ የሚደውል ሰው አይጠፋም። በምን እንደሚስማሙ የእርስዎ ፈንታ ነው። ፖሊስ ጋ «አታለለችኝ» ብሎ መሄድን ግን ለአሁኑ ይተዉት። በወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 ያለው የማታለል ወንጀል፣ ለምሳሌ የሌለ ፔንሲዮን ፎቶ ለጥፎ ብር ለሚሰበስብ ሰው ይሆናል። እዚህ ቤቱም ክፍሉም አለ። ይሄ የውል ጉዳይ ነው።

ርካሽ አልጋ ከየት እንደሚገኝም ጠይቀዋል። ይሄ የሕግ ጥያቄ አይደለም፤ ግን ለሃያ ዓመት እዚሁ ለገሃር ነው የሠራሁት። ከስታዲየም በእግር አምስት ደቂቃ የሆነ አልጋ በጨዋታ ቀን ርካሽ አይሆንም። ባቡሩ ስታዲየም ጣቢያ ላይ ይቆማል። በአንደኛው መስመር መገናኛ፣ በሌላው ሳሪስ ያደረ ሰው ተሳፍሮ መምጣት ይችላል። ጨዋታው ሲያልቅ ባቡሩ ይታጨቃል፤ እስኪቀል ሻይ ይጠጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ያደሩበትን ቤት ከማሰብዎ በፊት ደግሞ ይደውሉ። ፒያሳና ካዛንቺስ በብዛት ከፈረሱ ወዲህ ትዝ የሚልዎ አልጋ ቤት የነበረበት ቦታ ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሊሆን ይችላል። በደላላ በኩል ከሆነ ለደላላው የኮሚሽኑን ብቻ ይስጡት። ቀብዱ ለቤቱ ይግባ።

የውል ክስ ጊዜው በመርህ አሥር ዓመት ስለሆነ አይቸኩሉ። የባነሩን ፎቶና ስክሪንሾቶቹን ግን ዛሬውኑ ወደ ኢሜይልዎ ይላኩ። ስልክ ይሰበራል፤ የቴሌግራም መልእክትም ከወዲያኛው በኩል ሊጠፋ ይችላል።