ጥያቄና መልስ፦ አጎቴ ያወረሰኝ አምፕሊፋየር ይነዝራል

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በደብረ ማርቆስ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። ነፍሱን ይማረውና አጎቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር፤ ሲያርፍ ለእኔ የደረሰኝ ጊታሩና ፌንደር ቻምፕ የሚባል፣ ፊቱ ጥቁር የሆነ፣ ሦስት መቆጣጠሪያ ብቻ ያለው ትንሽ አምፕሊፋየር ነው። ዕቃው ከሃያ ዓመት በላይ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ባለፈው ወር 220 ቮልትን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ከጎረቤት ተውሼ ሳበራው ቀዩ መብራት በራ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ኃይለኛ ጉርምርምታ ተነሣ። እግሬን ታጥቤ በባዶ እግሬ ሲሚንቶው ላይ ቆሜ ስለነበር፣ የጊታሩን ክር ስነካ ክፉኛ ነዘረኝ። ያሳየሁት ጠጋኝ በፊዩዙ ቦታ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ እንደገባ ካሳየኝ በኋላ፣ «ይኼ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ የውስጡን አውጥቼ በአዲስ ቦርድ ልተካልህ» አለኝ። እሺ ልበለው ወይስ ሳላስነካው ለመታሰቢያ ላስቀምጠው?

መልስ፦ ይህን በሚያነቡበት ጊዜ ስፒናው ተነቅሎ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካልሆነ አሁኑኑ ይንቀሉት። የነዘረዎት ምክንያት በደንብ የታወቀ ነው። የዚያ ዘመን የአሜሪካ አምፕሊፋየሮች ስፒና ሁለት እግር ብቻ ነበረው፤ ጉርምርምታን ለመቀነስ ሲባልም በብዙዎቹ ላይ ከመብራት መስመሮቹ አንዱ በአንዲት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ በምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ) በኩል ከብረት ሻሲው፣ ማለትም የውስጡ ዕቃዎች ከታሰሩበት አካል ጋር ይገናኝ ነበር። የጊታርዎ ክሮችም በኬብሉ ሽፋን በኩል ከዚሁ ሻሲ ጋር የተገናኙ ናቸው። ካፓሲተሯ አርጅታ ማሳለፍ ስትጀምር፣ መብራቱ ከሻሲው ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ ጣትዎ፣ ከጣትዎም ወደ እርጥቡ ሲሚንቶ ይወርዳል። አሜሪካውያን ባለሙያዎች ይህችን ዕቃ «የሞት ካፓሲተር» ብለው የሚጠሯት ያለ ነገር አይደለም።

የተዋሱት መቀነሻም ነገሩን ሳያባብሰው አይቀርም። ገበያ ላይ የሚገኙት ብዙዎቹ መቀነሻዎች የመግቢያውና የመውጫው ጥቅልል አንድ ሽቦ የሚጋሩ በመሆናቸው፣ አምፕሊፋየሩን ከዋናው የመብራት መስመር አይለዩትም፤ ስፒናው ተገልብጦ ሲሰካ በመውጫው አንደኛው ሽቦ ላይ ከመሬት አንጻር የሚገኘው 110 ሳይሆን 220 ቮልት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ካፓሲተሯን ማስወጣት፣ ገመዱን ሦስት ሽቦ ባለው መለወጥ፣ ሦስተኛውንም ሽቦ ከሻሲው ጋር አጥብቆ ማሰር ነው። ይህ ግን የቤትዎ ሶኬት ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ መስመር) ከሌለው ከንቱ ልፋት ነው። በከተሞቻችን ባሉ ብዙ ቤቶች ሶኬቱ የኧርዝ መያዣ እያለው ከኋላው ሽቦ አልተሳበለትም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው በቴስተር ያስለኩ፣ ከሌለም የመዳብ ዘንግ አስቀብረው መስመር ያስዘርጉ። መቀነሻውን ሲገዙም ኧርዙን ከመግቢያው እስከ መውጫው የሚያሳልፍ መሆኑን ያረጋግጡ።

ፊዩዙን በተመለከተ፣ ትክክለኛው መጠን በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ታትሟል፤ ከዚያ የሚበልጥ አይግባ። ብልጭልጩን ወረቀት ያስገባው ሰው ማታውን ከጨዋታ ላለመቅረት ብሎ ይሆናል፤ ነገር ግን ውስጥ አንዳች ነገር ቢያጥር ፊዩዝ ተቃጥሎ ሊያድነው የሚገባው ትራንስፎርመር ራሱ ይቃጠል ነበር።

አሁን ወደ ጠጋኙ ሐሳብ ልምጣ። በፍጹም እሺ አይበሉት። ቻምፕ ከተሠሩት አምፕሊፋየሮች ሁሉ እጅግ ቀላል ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ሦስት ቫልቮች (የመስታወት የኤሌክትሮኒክስ ቱቦዎች)፣ ሁለት ትራንስፎርመሮች፣ አንድ ባለ 8 ኢንች እስፒከርና በእጅ የተበየዱ ጥቂት ዕቃዎች ብቻ ናቸው ያሉት። 12 ኤ ኤክስ 7 የሚባለው ትንሹ ቫልቭ የጊታሩን ደካማ ድምፅ ያነሣል፤ 6 ቪ 6 የሚባለው እስፒከሩን ይነዳል፤ 5 ዋይ 3 የሚባለው ደግሞ ተለዋዋጩን መብራት ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል። እንዲህ ያሉ ቫልቮች ዛሬም በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ስለሚመረቱ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት በካልሲ ጠቅልሎ ሊያመጣልዎት ይችላል። በሌሎች አምፕሊፋየሮች የኃይል ቫልቭ ሲቀየር የሚያስፈልገው ማስተካከያ በዚህኛው አያስፈልግም፤ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን መሰካት ይበቃል። በአዲስ ቦርድ ቢተካ የሚቀርልዎት የአጎትዎ ሣጥን እንጂ የአጎትዎ ድምፅ አይደለም።

ጉርምርምታው ከየት እንደሚመጣ ግን ራስዎ በጆሮዎ ሊለዩ ይችላሉ፤ ይህን የሚሞክሩት የኧርዙ ሥራ ካለቀ በኋላ መሆኑን አደራ እላለሁ። የጊታሩን ወፍራም ክር በትክክል ከቃኙ በኋላ በሦስተኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ባለው የብረት መስመር) ላይ ይዘው ይምቱት፤ የሚወጣው ድምፅ 98 ኸርዝ ነው፤ ማለትም በሴኮንድ 98 ጊዜ ይርገበገባል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነና 5 ዋይ 3 ሁለቱንም የሞገድ ግማሾች ስለሚጠቀም፣ የተለወጠውን መብራት የሚያለሰልሱት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ሲደርቁ የሚሰማው ጉርምርምታ 100 ኸርዝ ይሆናል፤ ማለትም ከመቱት ድምፅ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ይላል። ከዚያ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ (በግማሹ፣ 50 ኸርዝ ላይ) ከተሰማዎት ግን ጉዳዩ የኧርዝ፣ የኬብል ወይም የቫልቭ ነው። የእርስዎ ዕቃ ሃያ ዓመት ሳይሠራ ስለተቀመጠ የመጀመሪያው እንደሚሆን እገምታለሁ። በእነዚህ ካፓሲተሮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ይደርቃል፤ ሁሉም በአዲስ ይለወጡ፤ በዚህ ላይ ቁጠባ የለም። ሥራውን ግን በራስዎ እጅ አይሞክሩት። ካፓሲተሮቹ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ በባለ ቫልቭ ሬዲዮ ላይ እጁን ያፈታ አሮጌ ባለሙያ ካገኙ ለእርሱ ይስጡት።

የሚያልቀውን ለውጡ፣ የማያልቀውን አትንኩ የምለውም ለዚሁ ነው። ካፓሲተር፣ ቫልቭ፣ ገመድና ፊዩዝ የሚያልቁ ነገሮች ናቸው። ሁለቱ ትራንስፎርመሮች፣ የወረቀቱ ሾጣጣ ያልተቀደደ እስፒከር፣ የሣጥኑ ልባስና የፊቱ ጨርቅ ግን ደህና እስከሆኑ ድረስ ባሉበት ይቆዩ። ጠጋኙ የሚያወጣቸውን አሮጌ ዕቃዎች እንዳይጥልብዎ አስጠንቅቀው፣ በፌስታል አድርገው ያስቀምጧቸው፤ አንድ ቀን መሣሪያው ወደ ሌላ እጅ ቢሄድ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነርሱን ነው። ጥቁር ፊት ያላቸው ቻምፖች የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1967 ነው። በሣጥኑ ውስጥ የተለጠፈውን የቫልቮች ሰንጠረዥ ቢመለከቱ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ታትመውበት ሊያገኙ ይችላሉ፤ የፊተኛው ዓመቱን፣ የኋለኛው ወሩን ያመለክታል። ኤን 1964፣ ኦ 1965፣ ፒ 1966፣ ኪው 1967 ነው፤ ወሩ ደግሞ ከኤ ጀምሮ ከጃንዋሪ ይቆጠራል። ኦ እና ኤፍ ካገኙ ጁን 1965 ነው፤ ይኸውም መሥራቹ ሊዮ ፌንደር ኩባንያውን ለአሜሪካው የብሮድካስት ድርጅት ለሲቢኤስ ከሸጠ ከአምስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። እንደ ታሪክ መምህርነትዎ ይህኛው ክፍል ከካፓሲተሩ ወሬ ይልቅ ደስ ሳያሰኝዎት አይቀርም።

ስለ መብራቱ አንድ ነገር ልጨምር። መቀነሻ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያረጋጋውም። ሠፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት መስመሩ ወደ 180 ቢወርድ እርስዎ የሚያገኙት 90 ነው፤ አምፕሊፋየሩ ይዳከማል እንጂ አይጎዳም። ሌሊት ወደ 240 ሲወጣ ደግሞ 120 ያገኛሉ። ለዚህ ነው ወደ 120 ከሚቀንሰው ይልቅ ወደ 110 የሚቀንሰውን የምመርጠው። መሣሪያው የተሠራው ለ60 ኸርዝ ስለሆነ በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ትራንስፎርመሩ ይበልጥ ይሞቃል፤ ቮልቱ ዝቅ ማለቱ ይህን ሙቀት በከፊል ያካክሳል። አቅሙ 200 ዋት የሆነ መቀነሻ ከበቂ በላይ ነው። መብረቅ ማጉረምረም ሲጀምር ማጥፋቱ ብቻ ስለማይበቃ ይንቀሉት። በክረምትም ከወለል ላይ አንሥተው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት፤ የጮቄ ብርድና እርጥበት ለእስፒከር ወረቀት አይስማማም፤ አይጥም ያንኑ ወረቀት ትወደዋለች።

ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ቮሊዩሙን 4 ላይ አድርገው በትዝታ ቅኝት ቀስ ብለው ይጀምሩ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ይሆናል። ወደ 7 ሲያሳድጉት እያጉረመረመ ይሻክራል፤ ያን ጊዜ አምፕሊፋየሩን ሳይነኩ የጊታሩን ቮሊዩም ብቻ ዝቅ ቢያደርጉ ተመልሶ ይጠራል። የትንሽ አምፕሊፋየር ጸጋው ይህ ነው፤ ትልቁን እዚህ ደረጃ ለማድረስ የቤቱን ቆርቆሮ ማንቀጥቀጥ ግድ ይላል። አምስት ዋት ገደማ ነው ብለው ግን አይናቁት፤ በሑዳዴ ጎረቤት የሚያስቀይም ድምፅ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በምሽት ቤት ክራር እጫወታለሁ። በክራሬ ቆዳ ላይ የተለጠፈች፣ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ ትንሽ ፒክአፕ አለችኝ። እንደ ቻምፕ ያለ ባለ 5 ዋት አሮጌ አምፕሊፋየር ብገዛ ለቤቱ ይበቃኛል? በጓደኛዬ አምፕሊፋየር ላይ ክራሬን ስሞክረው ድምፁ ቀጥኖብኛል።

መልስ፦ ከበሮ ካለ አይበቃዎትም። ባለ 50 ዋት ቢገዙ ግን አሥር እጥፍ ይጮህልኛል ብለው አያስቡ፤ ጆሯችን የሚሰማው እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሹን ከአጠገብዎ አስቀምጠው ማይክሮፎን ከእስፒከሩ ፊት ይደቅኑና ወደ ቤቱ ሚክሰር ይላኩት። የቀጠነብዎት እንደዚያ ዓይነቷ ተለጣፊ ፒክአፕ ከአምፕሊፋየሩ መግቢያ ጋር ስለማትጣጣም ነው፤ በመካከል በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሪአምፕ (ደካማውን ድምፅ አስቀድሞ የሚያዘጋጅ መሣሪያ) ቢያስገቡ ወፈር ይላል። ባለ 8 ኢንቹ እስፒከር ወፍራም ድምፅ የማውጣት አቅሙ ውስን ስለሆነ፣ የባስ መቆጣጠሪያውን በኃይል በመክፈት አያስጨንቁት፤ የክራሩ ቆዳም ያንኑ ድምፅ መልሶ ተቀብሎ ያፏጫል። ቢያፏጭ ቮሊዩሙን ከመቀነስዎ በፊት የመቀመጫዎን አቅጣጫ ይለውጡ።

ከላይ ያነሣሁትን፣ ቮሊዩሙ ሲያድግ የሚመጣውን ማሻከር በሚመለከት አስተያየቴን ልስጥ። በትዝታና በባቲ አንዳንዴ ያምራል። በአንቺሆዬ ግን አልወደውም፤ በቅኝቱ ውስጥ እርስ በርስ በጣም የተቀራረቡ ድምፆች ስላሉ፣ ሁለቱ አብረው ሲመቱ አምፕሊፋየሩ ያልተመቱ ሌሎች ድምፆችን ይፈጥርና ነገሩ ሁሉ ይደፈርሳል።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። ብርማ ፊት ባለው ቻምፔ ላይ ስታንድባይ የሚባለው፣ ቫልቮቹን እያሞቀ አምፕሊፋየሩን በተጠንቀቅ የሚያቆየው ማብሪያ የለም። ሰዎች ያለ እርሱ ቫልቩ ቶሎ ያልቃል ይሉኛል፤ ላሠራለት?

መልስ፦ አያሠሩ። ቻምፕ ሲፈጠርም ስታንድባይ አልነበረውም፤ በዚህ መጠን ባለ መሣሪያ ላይ የሚያመጣው ጥቅም የለም። ካበሩት በኋላ አንድ ደቂቃ ይታገሡ፤ በዕረፍት ሰዓት ደጋግመው ከማጥፋትና ከማብራት እንደበራ ይተዉት፤ ሲጨርሱ ደግሞ ቫልቮቹ ሳይበርዱ አንሥተው ባጃጅ ላይ አይጫኑት።