ጠይቁን፦ አቡኪር ላይ ጦሩን ያወረደው ስኮትላንዳዊ

ስለ ጄኔራል ራልፍ አበርክሮምቢ ከመሀል ከተማ አንባቢዎቻችን ሦስት ጥያቄዎች ደርሰውናል። ዓመተ ምሕረቱም ወሩና ቀኑም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«በ1801 ፈረንሳዮችን ከግብፅ ያስወጣውን ጄኔራል እንግሊዛዊ ብዬ አስተማርኩ፤ ተማሪዎቼ ስኮትላንዳዊ ነው አሉኝ። የቱ ይጻፍ?» (መምህር፣ ከአራት ኪሎ)

ተማሪዎችዎ ልክ ናቸው። በ1734 በስኮትላንድ፣ ክላክማናንሻየር ውስጥ ሜንስትሪ በምትባል ስፍራ ተወለደ። እንግሊዝና ስኮትላንድ በ1707 በአንድ ፓርላማ ሥር ስለተጠቃለሉ ያገለገለው በብሪታንያ ጦር ነው። ሰሌዳው ላይ «ስኮትላንዳዊ፣ የብሪታንያ ጄኔራል» ብለው ይጻፉ። ሌላም የሚታረም አለ፤ ፈረንሳዮች ሲወጡ እሱ በሕይወት አልነበረም። ካይሮና እስክንድርያ በዚያው ዓመት እጅ የሰጡት በቦታው ለተተካው ለጄኔራል ሃቺንሰን ነው።

በኤዲንብራና በላይፕዚግ ሕግ ከተማረ በኋላ በ1756 ፈረሰኛ ጦር ገባ፤ በሰባቱ ዓመት ጦርነትም ጀርመን ውስጥ ተዋጋ። አሜሪካኖች ሲያምፁ ጥያቄያቸው ፍትሐዊ ነው ብሎ ስላመነ እዚያ ሄዶ አልተዋጋም፤ ይህ ለሹመቱ የሚበጅ አቋም አልነበረም። ወደ ጦር ሜዳ የተመለሰው በ1793 ነው። ሰር የሚለውን ማዕረግ በ1795 አገኘ፣ በ1796 ሴንት ሉሺያን፣ በየካቲት 1797 ትሪኒዳድን ያዘ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ግን ፖርቶ ሪኮን ለመያዝ ሞክሮ ሳይሳካለት ተመለሰ።

በካሪቢያን ወታደሩን ከጥይት ይልቅ የሚፈጀው ወባና ቢጫ ወባ ነበር። አበርክሮምቢ የደንብ ልብሱ ለሙቀቱ እንዲስማማ አስቀየረ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰልፍ ከለከለ፣ የታመሙት በደጋ ቦታ እንዲያገግሙ አደረገ። በ1798 ደግሞ የአየርላንድ ጦር አዛዥ ሳለ፣ ጦሩ ከሥርዓት ወጥቶ ከጠላት በቀር ለሁሉም የሚያስፈራ ሆኗል ብሎ በይፋ ትእዛዝ ጻፈ። ሹማምንቱ ተቆጡ፤ እሱም ቃሉን ከማጠፍ ሥልጣኑን ለቀቀ። በእኛ ግምት ከድሎቹ ሁሉ ይልቅ ሰውየውን የሚያሳየው ይህ ነው።

«መድፍ ከተጠመደበት ዳርቻ ላይ ከጀልባ መውረድ እንዴት ተቻለ? ናፒየር ዙላ ላይ ካደረገው ጋር ይመሳሰላል?» (ከፒያሳ)

የተቻለው አስቀድሞ ስለተለማመዱት ነው። ጦሩ በ1801 መጀመሪያ ላይ በቱርክ የማርማሪስ ባሕር ሰላጤ ቆይቶ ጀልባ ላይ መውጣትን፣ ተሰልፎ መቅዘፍንና መውረድን ደጋገመ። ችግሩ እንዲህ ነው፤ ጀልባዎቹ እንደደረሱ ቢያራግፉ አንዱ ክፍለ ጦር ከሌላው ይደባለቃል፣ አዛዡም ወታደሩን ፈልጎ እስኪያገኝ መድፉ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ ጀልባዎቹ ባሕሩ ላይ ሳሉ የውጊያ ሰልፍ ሠርተው እንዲሄዱ ተደረገ፤ ሰዉ ሲወርድ ሰልፉ አብሮት ይወርዳል ማለት ነው። ዋናዎቹ ሆዳቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ እስከ አሸዋው የሚጠጉ ጀልባዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 50 ያህል ወታደር ይይዛሉ። ወታደሩ 60 ጥይትና የሦስት ቀን ስንቅ ተሸክሟል፤ ጠመንጃውን ግን መሬት ሳይረግጥ እንዳያጎርስ ታዝዟል። በሚወዛወዝና በተጨናነቀ ጀልባ ላይ የጎረሰ ጠመንጃ ወገንን ይገድላል።

መርከቦቹ በመጋቢት መግቢያ እስክንድርያ አጠገብ ወዳለችው አቡኪር ቢደርሱም ማዕበሉ ለቀናት አገዳቸው፤ በዚህም ጠላት የመዘጋጃ ጊዜ አገኘ። ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ትልልቆቹ መርከቦች ከዳርቻው ርቀው ቆሙ። መጋቢት 8 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ምልክት ተሰጥቶ ጀልባዎቹ ተሰብስበው እስኪሰለፉ ጠዋት 3 ሰዓት ሆነ። ከ5,000 በላይ ሰው በመጀመሪያው ዙር ቀዘፈ። ጄኔራል ፍሪያን 2,000 ገደማ ፈረንሳውያን ይዞ ከአሸዋው ኮረብታ ላይ በመድፍ ተቀበላቸው። በስተቀኝ የነበረው የጆን ሙር ጦር ለመተኮስ ሳይቆም በሳንጃ ኮረብታውን ወጣ፤ ዳርቻውም ተያዘ። ብሪታንያ 700 ገደማ ሟችና ቁስለኛ አስመዘገበች።

ከዚያ በኋላ የከበደው አሸዋውና ጥማቱ ነው። ከቱርክ የተገኙት ፈረሶች ጥቂትና ደካማ ስለነበሩ መድፉን በገመድ የጎተተው ሰው ነው። ሲድኒ ስሚዝ የተባለው የባሕር ኃይል መኮንን ተምር በበቀለበት ሁሉ ከሥሩ ውሃ አለ ብሎ አስቆፈረ፤ ተገኘም። ስንቁም በጎን ባለው ሐይቅ በጀልባ ተከተላቸው።

ዙላ በዚህ አይመሳሰልም። አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ በ1867 በቀይ ባሕር ዳርቻ የወረደውን የናፒየርን ጦር ከዳርቻው የተኮሰበት አልነበረም፤ ወደብና የባቡር ሐዲድ ለመሥራት ጊዜ አግኝቷል። የሚያገናኛቸው ውሃ ነው፤ ዙላ ላይ የባሕሩን ውሃ በእንፋሎት አጣርተው ነበር የሚጠጡት፣ ያም ሆኖ ብዙ በቅሎ በጥማትና በበሽታ አለቀ።

«ጭኑን ተመትቶ እንዴት ሞተ? የብርድ ልብሱስ ወሬ ምንድን ነው?» (ከካዛንቺስ)

መጋቢት 21 ጎሕ ሳይቀድ ፈረንሳዮች እስክንድርያ አጠገብ አጠቁ። የ66 ዓመቱ አበርክሮምቢ፣ ያውም ዓይኑ ርቆ የማያይ፣ ከፊት መስመር ነበር። ጥይቱ ጭኑ ውስጥ ገብቶ አጥንቱ ላይ ቆመ። ለማንም ሳይናገር ውጊያው እስኪያልቅ በእግሩ ቆየ። ሐኪሞች ጥይቱን ማውጣት አልቻሉም፤ ቁስሉ አመረቀዘና በሳምንቱ፣ መጋቢት 28፣ ፉድሮያንት በተባለችው መርከብ ላይ አረፈ። የተቀበረው ማልታ፣ ቫሌታ ከተማ ነው።

ስለ ብርድ ልብሱ በሰፊው የሚተረከው ይህ ነው። ከጦር ሜዳ ሲያነሱት ከራሱ ሥር አንድ ነገር አደረጉለት። ምንድን ነው ቢል፣ «የወታደር ብርድ ልብስ ነው እንጂ ምንም አይደለም» አሉት። የማን እንደሆነ ካልነገራችሁኝ አለ። ጠይቀው የ42ኛው ክፍለ ጦር ወታደር የደንከን ሮይ መሆኑን ሲነግሩት፣ በዚያችው ሌሊት እንዲመለስለት አዘዘ።