ከፍራንክፈርት እስከ ሂትሮው፦ ስለ ርቀቱና ስለ በረራው ሰዓት የተጠየቁ

ከፍራንክፈርት ወደ ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ስለሚደረገው በረራ ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ ርቀቱ ስንት ነው?

መልስ፦ በአየር ላይ በቀጥታ ሲለካ 655 ኪሎ ሜትር ገደማ። በመኪና በፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ በካሌ በኩል ከ750 ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አውሮፕላን በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል ይላሉ። ታዲያ ትኬቱ ላይ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የተጻፈው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ስሌትዎ ልክ ነው፤ በዚያ ፍጥነት 50 ደቂቃ አይሞላም። ነገር ግን ትኬቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ፍራንክፈርት ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ ጀምሮ ለንደን ቦታውን ይዞ እስኪቆም ድረስ ነው። የፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ሰፊ በመሆኑ ማኮብኮቢያው ላይ እስኪደርስ ራሱ ጊዜ ይሄዳል። መንገዱ አጭር ስለሆነም ሽቅብ ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። ሂትሮው ደግሞ በሁለት ማኮብኮቢያ ብቻ በዓመት እስከ 480,000 መነሣትና ማረፍ ተፈቅዶለታል። ስለዚህ በተጨናነቀ ሰዓት አውሮፕላኖች በከተማዋ ዙሪያ በተመደቡ አራት ቦታዎች፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሆኖ፣ እየዞሩ ተራ ይጠብቃሉ። በመስኮት ያው መንደር ደጋግሞ ቢታይዎ አይደንግጡ። ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ወደ ለንደን ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ሲመለሱ ይገፋል።

ጥያቄ፦ የእናቴ ትኬት 14:00 መነሻ፣ 14:40 መድረሻ ይላል። በ40 ደቂቃ ትደርሳለች?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ሁለቱም የተጻፉት በየአገሩ ሰዓት ነው፤ ጀርመን ዓመቱን ሙሉ ከብሪታንያ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ለእናትሽ በስልክ ስትነግሪያት «ከቀኑ 8 ሰዓት» በያት። «ዐሥራ አራት ሰዓት» ካልሻት ግራ ትጋባለች።

ጥያቄ፦ በረራዬ ቢዘገይ ርቀቱ ለካሣ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ በደንብ እንጂ! ሰው ርቀትን ማወቅ ያለበት በዋናነት ለዚህ ይመስለኛል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 መሠረት እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ባለው በረራ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ 250 ዩሮ ይገባዋል። ከለንደን ሲነሡ በብሪታንያ ሕግ 220 ፓውንድ ነው። ልብ ይበሉ፦ «ደረሰ» የሚባለው ጎማው መሬት ሲነካ አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. እንደወሰነው ቢያንስ አንድ በር ተከፍቶ መንገደኛው መውረድ ሲችል ነው። እናም በሩ ሲከፈት ሰዓትዎን ይመልከቱ። መዘግየቱ በከባድ ጭጋግ ወይም በበረራ ተቆጣጣሪዎች አድማ ከሆነ ካሣው ይቀራል፤ ምግቡና አስፈላጊ ከሆነም ሆቴሉ ግን አይቀርም።

ጥያቄ፦ «ፍራንክፈርት ሀን» የሚል ርካሽ ትኬት አገኘሁ፤ ልቁረጠው?

መልስ፦ ስሙ እንጂ ቦታው ፍራንክፈርት አይደለም፤ ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአውቶቡሱን ዋጋ ደምረህ ወስን።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ለጉብኝት ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃም። ብሪታንያ የሸንገን (ድንበራቸውን እርስ በርስ የከፈቱ የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) አባል ስላልሆነች የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ትኬቱን ከመቁረጥህ በፊት ቪዛውን ያዝ።

ጥያቄ፦ ባቡርስ?

መልስ፦ ብራስልስ ላይ ተቀይሮ ከአምስት ሰዓት በላይ ይወስዳል። አውሮፕላን ፈርቶ ለሚቀር ሰው ደኅና አማራጭ ነው፤ ለሚቸኩል ግን አልመክርም።