ማይክ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጊታር ይዘው ለሚዘፍኑ ልጆች

ይድረስ በየቤታችሁ ጊታር ታቅፋችሁ ለምትዘፍኑ ልጆች፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ድምፅ መቅረጽ የጀመርኩት በካሴት ዘመን ነው። እስካሁንም እንጀራዬ እሱው ነው። ከእናንተ ከወጣቶቹ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። «ጋሼ፣ ለድምፅም ለጊታርም የሚሆን፣ ከ100 ዶላር ብዙ የማይዘል ማይክ የቱ ነው?» በዶላር የምትጠይቁት ወዳችሁ አይደለም። ዛሬ የሰማችሁት የብር ዋጋ ነገ የለም። ዕቃውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። ስለዚህ እኔም በዶላር እቀጥላለሁ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን እኔም እጠይቃለሁ። የምትቀርጹበት ክፍል እንዴት ያለ ነው? ይሄን ስጠይቅ ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም። የጠየቀኝ ስለ ማይክ ነዋ! ግን እስቲ ክፍሉ መሃል ቁሙና አንዴ አጨብጭቡ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ የሆነ የኮንዶሚኒየም ክፍል ከሆነ ጭብጨባችሁን መልሶ ይወረውርላችኋል። የ100 ዶላሩም የ1000 ዶላሩም ማይክ ይህንን አብሮ ይቀርጸዋል። ውዱ እንዲያውም አጥርቶ ነው የሚቀርጸው።

«ቤትህ ጫጫታ ካለው ዳይናሚክ ግዛ፤ ኮንደንሰር ሁሉን ነገር ይስባል» ሲባል ሰምታችኋል። ግማሹ እውነት ነው። ዳይናሚክና ኮንደንሰር ሁለት የማይክ ዓይነቶች ናቸው፤ ዳይናሚኩ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ኮንደንሰሩ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ሹር ኤስ ኤም 58 ዳይናሚክ ነው፤ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ 2020 ኮንደንሰር ነው። ሁለቱም ግን ካርዲዮይድ ናቸው፤ ከፊት ያለውን ይሰማሉ፣ ከኋላ ያለውን ያሳንሳሉ። ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከአፋችሁ 30 ሴንቲሜትር ላይ አቁሟቸው። ከዚያ የድምፃችሁን መጠን በሁለቱም ላይ እኩል አድርጉት። በር ላይ «ቆራሌው!» የሚለው ሰውዬ በሁለቱም ላይ ተቀራራቢ ሆኖ ይመጣል።

ታዲያ ዳይናሚኩ ለምን ጸጥ ያለ ይመስላል? ሰው ከንፈሩን አስጠግቶ ስለሚዘፍንበት ነዋ። ከማይኩ ያላችሁን ርቀት በግማሽ ስትቀንሱ ድምፃችሁ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይጨምራል። የክፍሉ ጫጫታ ግን ባለበት ነው። ስለዚህ ጌይኑን፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ማዞሪያ፣ ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ ጫጫታውም አብሮ ይወርዳል።

ለዘፈኑ ይሄ ጥሩ ይሠራል። ችግር የሚመጣው ጊታሩ ላይ ነው። ጊታር ድምፁ የሚወጣው ከመላ አካሉ ነው። ማይኩን ጊታሩ ላይ ብትለጥፉት፣ በተለይ ቀዳዳው ፊት፣ «ጉም ጉም» የሚል ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው የምታገኙት። ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት። እዚያ ላይ የመጠጋቱ ጥቅም ይቀንሳል። ሌላም አለ። ኤቲ 2020 ከ58ቱ በ17 ዲሲቤል ገደማ የበለጠ ሲግናል ይሰጣል። በጣት ቀስ ብላችሁ የምትነኩት ጊታር ላይ ዳይናሚክ ካደረጋችሁ፣ የሳውንድ ካርዱን (ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) ጌይን መጨረሻ ድረስ ልታዞሩት ትችላላችሁ። ርካሽ ሳውንድ ካርድ ደግሞ እዚያ ሲደርስ ሽሽሽ ማለት ይጀምራል።

ስለዚህ ፍርዱን የሚሰጠው ጊታሩ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ጸጥ ያለ ሰዓት ካላችሁ፣ ለምሳሌ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ጀምሮ ቅዳሴውና አዛኑ እስኪጀምር፣ ኤቲ 2020 ግዙ። ለጊታሩ ክሮች ጥራት፣ ለስስ ድምፅ፣ ትዝታ ሲዘፈን ጉሮሮ ውስጥ ለምትሽከረከረዋ ነገር ኮንደንሰር ነው የሚያዋጣው። ጸጥ ያለ ሰዓት ጨርሶ ከሌላችሁ፣ ወይም ጊታሩን በመምቻ ጠንከር አድርጋችሁ የምትመቱ ከሆነ፣ የሹርን ኤስ ኤም 57 ግዙ። 58ቱን ሳይሆን 57ቱን። 57 በ1965፣ 58 በ1966 የወጡ ናቸው። ውስጣቸው በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ዋናው ልዩነት አናታቸው ላይ ያለው ወንፊት ነው። 57ቱ ጊታር ላይ ይመቻል። ስፖንጅ ስታለብሱት ደግሞ ይዘፈንበታል። ሦስቱም አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር አካባቢ ናቸው።

ሹር ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ አስመስለው የሚሠሩት ብዛቱ ለጉድ ነው። ሣጥኑም፣ ቦርሳውም፣ ወረቀቱም ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል። እውነተኛው 58 ክብደቱ 298 ግራም ነው። አንዱ ሱቅ ገብታችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ በጣም ከቀለለ ተዉት። ከብዶ ሲገኝ ደግሞ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ያኔ ዋጋውን ጠይቁ። በግማሽ ዋጋ አዲስ ሹር የሚሸጥላችሁ ሰው ወዳጃችሁ አይደለም።

መርካቶ ውስጥ ቢኤም 800 የሚባል፣ በየስሙ የሚሸጥ ትልቅ ማይክ ታገኛላችሁ። ከነስታንዱ፣ ከነፖፕ ፊልተሩ (ከአፍ የሚወጣውን ነፋስ የሚያስቀረው ወንፊት) በሣጥን ይመጣል። አብዛኛዎቹ ከላይ ግዙፍ ናቸው፤ ሲከፈቱ ውስጣቸው ትንሽዬ ካፕሱል፣ ማለትም ድምፁን የሚቀበለው ክፍል፣ ነው ያለው። ለመለማመጃ ምንም አይልም። ቀጥታ ላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁ ግን ለሰው የሚሰጥ ሥራ አትሠሩም።

እንደ ኤቲ 2020 ያለ ኮንደንሰር 48 ቮልት ፋንተም ፓወር፣ ማለትም በማይኩ ገመድ የሚላክ ኤሌክትሪክ፣ ይፈልጋል። ይህንን የሚሰጠው ሳውንድ ካርዱ ነው። እንደ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ያለ ሳውንድ ካርድ ዋጋው ከማይኩ አያንስም። «100 ዶላር አለኝ» ብላችሁ ማይክ ብቻ ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ የምትሰኩበት እንዳታጡ። ለሁለቱም የማይበቃ ገንዘብ ያለው ልጅ ሳምሰን ኪው 2 ዩ ይግዛ። ዳይናሚክ ነው። ዛሬ በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ይሰካል፤ ነገ ሳውንድ ካርድ ሲገዛ በኤክስ ኤል አር (በተለመደው ባለ ሦስት እግር የማይክ ገመድ) ይቀጥላል።

ከገንዘቡ ላይ ለጆሮ ግጥም የሚል ሄድፎን፣ ለማይሰበር ስታንድ እና ለአዲስ የጊታር ክር ቀንሱ። የዛገ ክር ይዞ ማይክ የሚቀያይር ስንት ልጅ አይቻለሁ! ፖፕ ፊልተር አትግዙ። ሽቦ አክብቡና አሮጌ ስቶኪንግ ወጥሩበት፤ በቃ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንመለስ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ አቁሙ። የውጭውን ድምፅ አያስቀርም፤ የውስጡንም እምብዛም አይነካውም። ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ደርባችሁ ስቀሉ። የት? ብዙ ሰው ከማይኩ ጀርባ ይሰቅላል። ማይኩ ግን ጀርባውን ብዙም አይሰማም። የሚሰማው እናንተንና ከእናንተ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ከራሳችሁ ጀርባ ስቀሉት። ልብስ የሞላ ቁምሳጥን ካለ በሩን ከፍታችሁ ጀርባችሁን ስጡት። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ጣሉ። ብርድ ልብስ ወፍራሙን ድምፅ አይውጥም፤ ለዚህ ደግሞ ከክፍሉ ጥግ ራቁ።

ፍሪጁን አጥፉት። መልሳችሁ ማብራቱን እንዳትረሱ የቤት ቁልፋችሁን ውስጡ አስቀምጡ፤ ሳትከፍቱት ከቤት አትወጡም። (እናቶቻችሁ በኋላ ያመሰግኑኛል።) «እምምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ቅረጹ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ ደግሞ ዝናቡ ሲጀምር ጊታሩን አስቀምጡና ቡና አፍሉ። ከዚያ የሚያድናችሁ ማይክ አልተሠራም።

ለጊታር ማይኩን አንገቱና ሆዱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ 12ኛው ፍሬት አካባቢ አነጣጥሩት። ከዚያ ሄድፎን አድርጋችሁ ሌላ ሰው ቀስ እያለ ያንቀሳቅሰው። ሁለት ጣት ያህል መንቀሳቀስ ማይክ ከመቀየር የበለጠ ለውጥ ሲያመጣ ትሰማላችሁ። ለዘፈን ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይበቃል። «ፈ» እና «ፐ» ነፋስ አላቸው፤ ማይኩን ፊት ለፊት ሳይሆን ከአፋችሁ ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። ጌይኑ ላይ አትስገብገቡ። ከፍ አድርጋችሁ ስትዘፍኑ በመቅረጫ ፕሮግራሙ ላይ ከፍተኛው ምልክት ከዜሮ በታች 12 እና 6 ዲሲቤል መሃል ቢሆን በቂ ነው።

ጊታሩንና ዘፈኑን ለየብቻ መቅረጽ ይሻላል። ለየብቻ ሲሆን ስሜቱ የሚጠፋባቸው ልጆች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። እነሱ አንዱን ኮንደንሰር ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር አርቀው በደረት ትይዩ ያቁሙት። ድምፅ ካነሰ ወደ አፍ፣ ጊታር ካነሰ ወደ ታች። ሚዛኑን በኋላ በሚክስ ማስተካከል ስለማይቻል እዚያው ይጨርሱት።

ሱቅ ስትሄዱ ላፕቶፕና የራሳችሁን ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «አሎ፣ አሎ» ብሎ ሲያሰማችሁ አትመኑ። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ቅረጹ፣ ከዚያ በዝግታ ዝፈኑ፣ ከዚያ ጊታር በጣት ንኩ። ሁለት ማይክ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ የጮኸው ሁሌ የተሻለ ይመስላል። ያገለገለ ለመግዛት አትፈሩ፤ ዳይናሚክ ወድቆም ይነሣል። ኮንደንሰር ግን እርጥበትና አቧራ ይጎዳዋል። ያገለገለ ከሆነ ፋንተሙን አብርታችሁ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ አዳምጡት። ጠሽ ጠሽ ካለ ለባለቤቱ መልሱለት።