ቫልቭን ለክቶ ጉልበትን መገመት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አየር ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባውን ቫልቭ ስፋት ብቻ ለክቼ ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ጉልበቱን በትክክል አያውቁትም፤ ጣሪያውን ግን ይገምታሉ። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ለሌለው የመንገድ ቤንዚን ሞተር፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የአስገቢ ቫልቭ ስፋት 2 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይያዙ። በአራት ሲሊንደር አራት ባለ 44 ሚሊ ሜትር አስገቢ ቫልቮች በድምሩ 61 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ውጤቱም ወደ 120 የፈረስ ጉልበት ነው። የእሽቅድምድም ሞተር ከዚህ በብዙ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ይህ 2 ከየት መጣ?

መልስ፦ ከአየሩ። በሰከንድ 1 ግራም አየር የሚስብ የቤንዚን ሞተር ወደ 1.25 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። አየሩ በቫልቩ በኩል ሲያልፍ አማካይ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ግማሽ አልፎ ወደ 0.6 ሲጠጋ ሲሊንደሩ በወጉ መሙላት ያቅተዋል፤ ይህን መለኪያ ያስተዋወቀው የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ መምህር ቻርልስ ፌየት ቴይለር ነው። እኔ ለጥንቃቄ 0.5ን እወስዳለሁ፤ በዚህ ፍጥነት የሚያልፈው አየር፣ ቫልቩ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ክፍት አለመሆኑ ታስቦ፣ 2 ገደማ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ የሞተሩ ሊትርስ የት ገባ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱን ዘርግተው ሲያቃልሉት የሲሊንደሩ ዲያሜትርም የፒስተኑ ምትም (የሚጓዘው ርዝመት) ይጣፋሉ፤ የቫልቩ ስፋት ብቻ ይቀራል። ከላይ ያለው ሞተር 2 ሊትር ቢሆን፣ የሲሊንደሩ ዲያሜትርና ምቱም 86 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ፣ ጣሪያውን የሚነካው በደቂቃ 5,500 ዙር ገደማ ላይ ነው። ያንኑ ቴስታታ (ቫልቮቹን የያዘውን የሞተር ራስ) በ2.4 ሊትር ሞተር ላይ ቢያስሩት ጉልበቱ ያው ሆኖ ዙሩ ወደ 4,600 ይወርዳል። የሚጨምረው የመጠምዘዝ ኃይሉ ነው። ስለዚህ ሊትር መጨመር ብቻውን ከፍተኛውን ጉልበት ያሳድጋል የሚሉ ሻጮችን አልሰማም።

ጥያቄ፦ ካምሻፍት (ቫልቩን የሚያነሳውን ዘንግ) ቀይሬ ቫልቩ ከፍ ብሎ እንዲነሳ ባደርገውስ?

መልስ፦ ከዲያሜትሩ አንድ አራተኛ በላይ፣ ማለትም ለ44 ሚሊ ሜትር ከ11 ሚሊ ሜትር በላይ ሲነሳ፣ በዙሪያው ያለው ክፍተት ከቫልቩ ስፋት ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ የሚያንቀው ወደ ቫልቩ የሚወስደው የአየር መተላለፊያ ነው። ያም ሆኖ ትርፍ አለው፤ ቫልቩ በሰፊው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ትልቁን ቫልቭ ልግጠም?

መልስ፦ ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ በተጠጋ ቁጥር በዚያ በኩል አየር አይገባም። መተላለፊያውም አብሮ ከሰፋ በዝቅተኛ ዙር አየሩ ይዝላል። ሁለት ባለ 34 ሚሊ ሜትር ቫልቮች ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ፦ በአራት ሲሊንደር 73 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ወደ 145 የፈረስ ጉልበት።

ጥያቄ፦ አስወጪው ቫልቭ ከአስገቢው ለምን ያንሳል?

መልስ፦ የተቃጠለው ጋዝ በራሱ ግፊት ስለሚወጣ።

ጥያቄ፦ ከፍታ ቦታ ላይና በቱርቦስ?

መልስ፦ ሁለቱም የአየር ጥግግት ጉዳይ ናቸው። በ2,000 ሜትር አየሩ ወደ 18 በመቶ ስለሚሳሳ 120ው 100 አካባቢ ይሆናል። ቱርቦ በተቃራኒው ያጠግገዋል፤ ግፊቱ እጥፍ ሆነ ማለት ግን ጉልበቱ እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም፣ አየሩ ሲታመቅ ይሞቃልና። የታመቀውን አየር የሚያበርድ ማቀዝቀዣ ከሌለው ግምትዎን ዝቅ ያድርጉ።