የወረዳ መንገድ በይዞታችን ሊያልፍ ነው፤ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለን እንፈርም?

ጥያቄ፦ አባቴና እናቴ በገጠር ቀበሌ አንድ ሄክታር የሚጠጋ፣ በሁለቱም ስም ደብተር የወጣለት ይዞታ አላቸው። ወረዳው ከቀበሌያችን እስከ ዋናው አስፋልት የጠጠር መንገድ ሊሠራ ነው። ችካል ሲተከል መስመሩ ማሳውን ለሁለት ከፈለው፤ አንድ መደዳ ባህር ዛፍና ጌሾም መስመሩ ላይ ወድቋል። የመንገዱ ቱቦ ውሃ በታችኛው ማሳችን በኩል ይወርዳል፣ ከጉብታው ላይ ደግሞ ተቋራጩ ገረጋንቲ ያወጣል ተብሏል። የቀበሌው ሊቀመንበር «መንገዱ ለእናንተው ነው» እያለ አባቴ «መሬቱን በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት እንዲፈርም ይጎተጉታል። እናቴን የጠራት የለም። ካሳ ይገባናል? ብንፈርምስ ምን እናጣለን?

መልስ፦ አሁን አይፈርሙ። መንገዱን መደገፍ አንድ ነገር ነው፣ የካሳ መብትን በፊርማ መተው ደግሞ ሌላ። ያ ወረቀት በመዝገቡ ውስጥ ከገባ በኋላ «ተገድጄ ነው»፣ «አልገባኝም ነበር» ብሎ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ኅብረተሰቡ ለመንገድ መሬት ማዋጣቱ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ግን መዋጮ የሚባለው ምን ያህል መሬትና ንብረት እንደሚሰጥ ተለክቶ፣ ካሳ የማግኘት መብት እንዳለ ተነግሮ፣ ባለመብቶቹ ሁሉ ሲስማሙ ነው። ደብተሩ ላይ የእናትዎ ስም ስላለ አባትዎ ብቻቸውን ፈርመው የእሳቸውን ድርሻ ሊሰጡ አይችሉም።

ካሳ ይገባችኋል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ቢልም፣ በመሬቱ ላይ በጉልበትና በገንዘብ የተፈራው የባለይዞታው ነው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሊወስደው ሲፈልግ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት። ዝርዝሩ ያለው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 472/2012 ነው። አዋጁ በኋላ ተሻሽሏል፤ ማሻሻያው በተለይ የነካው የመክፈል ኃላፊነቱ በማን ላይ ነው የሚለውን ነው። ገንዘቡ ከየትኛው በጀት ይውጣ የሚለው የቢሮዎቹ ጣጣ እንጂ የወላጆችዎ አይደለም። «ፕሮጀክቱ የካሳ በጀት አልተያዘለትም» የሚለውን መልስ መስማትዎ አይቀርም፤ መብቱን የሚያስቀር ምክንያት አይደለም።

በመጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። መንገዱ ለሕዝብ ጥቅም መሆኑን የሚወስነው የክልሉ ካቢኔ ወይም ሥልጣኑን በውክልና ያገኘ አካል ነው፤ የከተማ ወይም የወረዳ አስተዳደር ውክልና ሊሰጠው ይችላል። ቀበሌ ግን ማስለቀቅ አይችልም፣ የቀበሌ ስብሰባ ቃለ ጉባኤም የማስለቀቂያ ትእዛዝ አይደለም። አዋጁ ባለይዞታዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማማከርን፣ ቀጥሎም በጽሑፍ የማስለቀቂያ ትእዛዝ መስጠትን ይጠይቃል። ስለዚህ ለወረዳው አስተዳደርና ለመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ይጻፉ፤ የሕዝብ ጥቅም ውሳኔው፣ ትእዛዙና በይዞታችሁ የሚያልፈው የመንገዱ ፕላን ቅጂ ይሰጠን በሉ። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይሁንና በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የመዝገብ ቤት ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩት። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ብዙ መዝገብ የሚወድቀው ግን «ጠይቄ ነበር» የሚለውን ማረጋገጫ በማጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የካሳ ጉዳይ የሚሸነፈው ፍርድ ቤት ሳይሆን ማሳው ላይ፣ በልኬታና በቆጠራ ቀን ነው። ዳኛው የሚያየው ባለሙያው የሞላውን ቅጽ ነው፤ ቅጹ ላይ ያልገባ ዛፍ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የእናንተን ጉዳይ የሚያወሳስበው ደግሞ ሦስት የተለያዩ አወሳሰዶች በአንድ ላይ መምጣታቸው ነው፤ መንገዱ ለዘለቄታው የሚወስደው፣ ገረጋንቲ የሚወጣበት ለጊዜው የሚወሰደው፣ እና የውሃው መውረጃ። አንድ ቅጽ ላይ ተጨፍልቀው ሲጻፉ ሁለቱ ሁልጊዜ ይረሳሉ።

ለመንገዱ የሚወሰደውን ስትለኩ ችካሉ አያታላችሁ። ችካሉ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የመንገዱን መሐል ነው። መኪና የሚሄድበት 6 ሜትር ቢሆን በግራና በቀኝ ትከሻ፣ ቦይና የቆረጣ ወይም የሙሌት ተዳፋት ስላለ በጠቅላላው 12 ሜትር ሊይዝ ይችላል። በማሳችሁ ውስጥ 160 ሜትር ቢጓዝ በ6 ሜትር ሲታሰብ 960፣ በ12 ሲታሰብ 1,920 ካሬ ሜትር ነው፤ እጥፍ ማለት ነው። የሚለካው በፕላኑ ላይ ያለው የመንገድ ክልል ሙሉ ስፋት እንዲሆን ጠይቁ። በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ብቻ ከሆነም ተቃወሙ። መሣሪያው በጥቂት ሜትሮች ሊሳሳት ስለሚችል ሰፊ ማሳ ላይ ብዙም አይጎዳም፣ ቀጭን ቁራጭ ላይ ግን ስሌቱን ያበላሸዋል። በሜትር ገመድ ይረጋገጥ።

ለሁለት የተከፈለው ማሳም አለ። ከመንገዱ ማዶ በሬ ጠምዶ ለማረስ የማይበቃ ቁራጭ ከቀረ፣ እሱም ተወስዶ ካሳ እንዲታሰብበት ወይም ምትክ እንዲሰጥበት በዚያው ቀን በጽሑፍ አመልክቱ። ወደ ምንጭ ወይም ወደ ግጦሽ የምትሄዱበት መንገድ ከተቆረጠ ደግሞ መሻገሪያ በፕላኑ ውስጥ እንዲካተት ጠይቁ። መንገዱ ከተሠራ በኋላ ጥልቅ ቦይ የሚያሻግር መድረክ የሚሠራላችሁ አታገኙም።

የንብረት ካሳና የልማት ተነሺ ካሳ ለየብቻ ናቸው። የመጀመሪያው በመሬቱ ላይ ላለው ንብረትና ለቋሚ ማሻሻያ ነው፤ አጥር፣ እርከን፣ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ተክል ሁሉ ይገባል፣ የማሻሻያው ስሌትም የወጣበትን ጉልበትና ቁሳቁስ ይከተላል። ባህር ዛፉን «አንድ መደዳ» ብሎ ማስመዝገብ አይበቃም። ስንቱ ማገር፣ ስንቱ አጠና፣ ስንቱ ቋሚ እንደሆነ ተለይቶ ይቆጠር፤ ዋጋው እንደ እድገቱ ይለያያልና። ጌሾውም እንደ ዓመታዊ ሰብል ሳይሆን እንደ ቋሚ ተክል ይመዝገብ። ለመሰብሰብ የደረሰ ሰብል ካለ ምርቱን አንስታችሁ መውሰዱ ይሻላል። ከትእዛዙ በኋላ የሚተከል ወይም የሚገነባ ነገር ካሳ ስለማያስገኝ በዚህ ሰሞን ችግኝ ለመጨመር አትሞክሩ፤ እውነተኛውንም ቆጠራ ያስጠረጥራል።

ሁለተኛው፣ የልማት ተነሺ ካሳው፣ ለመሬቱ ገቢ መቅረት ነው። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተሰጠ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ከተገኘው ገቢ ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ተወስዶ በ15 ይባዛል፤ የሚታሰበው ለተወሰደው ክፍል ብቻ ነው። ለምሳሌ ከዚያ ክፍል የተገኘው ገቢ በሦስቱ ዓመታት 24,000፣ 31,000 እና 27,000 ብር ቢሆን ስሌቱ 31,000 በ15፣ ማለትም 465,000 ብር ነው። አማካዩ ቢወሰድ 410,000 ይሆናል፤ 55,000 ብር በአንድ ቃል ልዩነት ይጠፋል። የቀድሞው አዋጅ 455/1997 የ5 ዓመት አማካይን በ10 ያባዛ ነበር። አንዳንድ ቅጾች ዛሬም ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸውና ቅጹን አንብቡ። የጤፍ ገለባም ይሸጣልና በገቢው እንዲካተት ጠይቁ፤ ባለሙያው ፍሬውን ብቻ ሊጽፍ ይችላል።

የገረጋንቲው ጉዳይ ለጊዜው መልቀቅ ነው፤ ካሳው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ መሬቱ በተያዘበት ዓመት ልክ ተባዝቶ ይታሰባል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ተቋራጩ በመኪና ጭነት ሒሳብ ከገበሬው ጋር በቃል ሲስማማ ነው። ጥቂት ሺህ ብር ይከፍላል፣ ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱን ትቶ ይሄዳል። ስምምነቱ ወረዳው ባለበት በጽሑፍ ይሁን፤ የሚወሰደው ቦታ ስፋት፣ የሚቆፈርበት ጥልቀት፣ የሚመለስበት ቀን ይጻፍ። የላይኛው አፈር ተገፍቶ ለብቻው እንዲከመርና በመጨረሻ እንዲመለስ፣ ዳርቻው እንዲደለደል በግልጽ ይግባበት። አፈሩ ካልተመለሰ ቦታው ለእርሻ አይሆንም፣ ያን ጊዜ ደግሞ «ለጊዜው» የተባለው ለዘለቄታው ሆነ ማለት ነው፤ ካሳውም እንደዚያው ይጠየቃል።

ውሃው ቀላል መስሎ ብዙ የሚጎዳው ነው። ቱቦ የተበተነውን ጎርፍ ሰብስቦ በአንድ አፍ ስለሚተፋ መውጫው በድንጋይ ካልተነጠፈ በሁለትና በሦስት ክረምት ማሳው ላይ ቦረቦር ይከፍታል። መውጫው ወደ ተፈጥሮ ፈሰስ እንዲዞር ጠይቁ። ካልተቻለ በማሳችሁ የሚያልፈው ቦይ በቋሚነት እንደተወሰደ መሬት ይለካ፤ 1.5 ሜትር በ80 ሜትር 120 ካሬ ሜትር ነው። ቦዩን የሚጠርገውና የሚጠግነው ማን እንደሆነ፣ ጠራጊው በየት በኩል እንደሚገባም ይጻፍ። መሬቱ የእናንተ ሆኖ የሚቀርበት የማሳለፍ ግዴታ ብቻ ይሁን ካሉም ስፋቱና መስመሩ በወረቀት ይገደብ፤ አለዚያ ግዴታው በየክረምቱ እየሰፋ ይሄዳል።

ግምቱን መሥራት ያለበት ፈቃድ ያለው ገማች ነው። ከሌለ ለዚሁ የተቋቋመ የመንግሥት ተቋም፣ እሱም ከሌለ የባለሙያዎች ኮሚቴ ይገምታል። የቀበሌ ሽማግሌዎች ግምት አይበቃም። ካሳው ከተከፈለ ወይም ምትክ መሬት ከተሰጠ በኋላ የመልቀቂያ ጊዜው 120 ቀን ነው፤ ምንም ንብረት የሌለበት መሬት ግን ትእዛዙ በደረሰ በ30 ቀን ይለቀቃል።

ቅር ካላችሁ ትእዛዙ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካሉ አመልክቱ፤ እሱ በ30 የሥራ ቀናት ይወስናል። በውሳኔው ካልተስማማችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤው፣ ከዚያም በተመሳሳይ ጊዜ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል። ቅደም ተከተሉን ዘላችሁ በቀጥታ ፍርድ ቤት ብትሄዱ መዝገቡ ይዘጋባችኋል። ቅሬታችሁ የካሳው መጠን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይቆምልናል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የምትከራከሩት ስለ ገንዘቡ ነው። ትእዛዝ ሳይሰጥ ዶዘር ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 መሠረት ሁከት ይወገድልኝ ብሎ መክሰስ ይቻላል፣ የክሱም ጊዜ 2 ዓመት ነው።

የግምት ቅጹ ሲቀርብላችሁ እናትዎም አባትዎም እያንዳንዱን መስመር ካነበቡ ወይም ካስነበቡ በኋላ ይፈርሙ። የማይስማሙበት ካለ «በግምቱ አልስማማም፣ ቆጠራውን ብቻ አረጋግጣለሁ» ብለው ከፊርማቸው በላይ ይጻፉ፤ ቅጹንም በስልክ ፎቶ አንሱት። መሬቱ ከተለቀቀ በኋላ ደብተሩ በቀረው ስፋት እንዲስተካከል ማመልከት አትርሱ፤ ካልተስተካከለ ለመንገዱ የሄደው መሬት ግብር ከእናንተ መጠየቁ ይቀጥላል።